ኔፔንተስን አዲስ አበባ ላይ እንዴት ማሳደግ ይቻላል? በዱርስ የት ይታያል?

ኔፔንተስ ከቅጠሉ ጫፍ ገንቦ የመሰለ ወጥመድ አንጠልጥሎ ነፍሳት የሚበላ ሐረግ ነው። የጫካ ተክል ስለሆነ ሙቀት ይፈልጋል ብለው መስተዋት ሣጥን ውስጥ አፍነው የሚቀቅሉት ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን እንደ እኛው ደገኞች ናቸው፤ ቀን ከ20 እስከ 25፣ ሌሊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ይህን ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ያለ ምንም ማሽን ታገኙታላችሁ። እዚህ ከተማ ተክሉን የሚገድሉት ውሃውና የበጋው ደረቅ አየር ናቸው።

መጀመሪያ ዝርያ ምረጡ። ለጀማሪ ቬንትሪኮሳ ወይም ከእሷ የተዳቀለችው ቬንትራታ ትሻላለች። ራፍልሲያና፣ አምፑላሪያና ባይካልካራታ የቆላ ስለሆኑ የኅዳርን ሌሊት አይችሉትም፤ በፎቶ አምረው ቢታዩም ተዉአቸው። ከውጭ ስታስመጡ ሻጩ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬትና የሳይተስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ማዘጋጀት አለበት፤ የማስገቢያ ፈቃዱን ደግሞ ተክሉ ከመነሳቱ በፊት ከግብርና ባለሥልጣን ጨርሱ። በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ትርፉ ቦሌ ላይ መወረስ ነው።

መትከያው ላይ ጥቁር አፈር፣ ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ዩሪያ፣ አንዱም እንዳይነካው። ተክሉ የኖረው ድሃ መሬት ላይ ነው፤ ናይትሮጅኑን የሚያገኘው ከነፍሳቱ ስለሆነ ሥሩ ማዳበሪያ ሲያገኘው ይቃጠላል። ውሃ የሚይዘውን የረግረግ ተክል ስፋግነም ሞስንና ነጭ ቀላል ጠጠር የሆነውን ፐርላይት ካገኛችሁ ጥሩ። ካልተገኘ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራ ኮኮፒትና ብሎኬት የሚሠራበትን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ፑሚስን፣ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ኮኮፒት ጨው ስለማያጣው ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ፑሚሱንም ሲሚንቶ ካልነካው ክምር ውሰዱና ዱቄቱ እስኪወጣ አለቅልቁት። ሥሩ ቀጭን፣ ጥቁርና ቶሎ የሚሰበር ነው፤ በቀስታ ያዙት።

ውሃው የዝናብ ይሁን። የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ የሟሟውን ማዕድን ሁሉ አያወጣም፤ ማዕድኑ በየቀኑ ሥሩ ላይ ይጠራቀማል። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ጠባብ በረንዳ ያለው ሰው እንኳ በክረምት ሳፋ ዘርግቶ ይሞላል። ከጣሪያ የምትቀዱ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ አጥበው ይሂዱ፤ ዝገት ካለበት ቆርቆሮ አትቅዱ። ለአንድ ተክል በሳምንት 2 ሊትር ብታስቡ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አልጌ እንዳያበቅል ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ ቲዲኤስ ሜትር መግዛት ግን ከሁሉም ዕቃ በላይ ያዋጣል፤ ከ50 ፒፒኤም በታች ካሳየ ውሃው ጥሩ ነው።

አሁን ከባዱ ጉዳይ። የመጣው ተክል ገንቦዎቹ ይጠወልጋሉ፤ ይህ አያስደነግጥም። የሚጠበቀው አዲሱ ቅጠል ነው። ከጫፉ ቀጭን ጅራት ይወርዳል፣ ጅራቱ መጨረሻ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል እብጠት ትወጣለች፣ ወደ ላይ ትታጠፍና ቀስ በቀስ ትነፋለች፤ በስተመጨረሻ ክዳኗ ይከፈታል። አየሩ ደረቅ ከሆነ እብጠቷ ሳትነፋ ቡናማ ሆና ትቀራለች። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ስለሚሆን ሰው ተክሉ ደህና ነው ብሎ ወራት ይጠብቃል።

መፍትሔው ተክሉን ማላመድ ነው። መጀመሪያ ላይ ግልጽ ፌስታል ሳያጣብቁ አልብሱት፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው፣ አለዚያ ውስጡ ታፍኖ ይበስላል። አዲስ ቅጠል ሲጀምር ፌስታሉን በጥቂቱ ብሱት፤ ቀዳዳውን በየሳምንቱ እያሰፋችሁ አውልቁት። አንድ ጊዜ ገፍፎ መጣል የተነፋችውን ሁሉ ያደርቃል። ተክል ማስመጣት የሚሻለውም በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ክረምቱ ራሱ ያለማምድላችኋል። በበጋ ሰፊ ትሪ ላይ ፑሚስ አንጥፋችሁ ውሃ ጨምሩበት፤ ማሰሮው ከፑሚሱ ላይ ይቀመጥ እንጂ ውሃው ውስጥ አይዘፈቅ። ከሌሎች ተክሎች ጋር አጠጋጉት፣ ከቡና ማፍያው ከሰል አርቁት።

ብርሃን፦ የምሥራቅ መስኮት። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነና ገንቦ ካላወጣ ብርሃን አንሶታል።

ምግብ አትስጡት፤ ዝንብና ጉንዳን ራሳቸው ይመጣሉ። እንግዳ ሁሉ የጥብስ ፍርፋሪ ካልጨመርኩ ይላል፤ ሥጋው ገንቦው ውስጥ በስብሶ ወጥመዱን ያበላሸዋል።

በዱር ለማየት፣ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ ኔፔንተስ የለም። የሚቀርቡን የማዳጋስካርና የሲሼልስ ናቸው። በሲሼልስ ማሄ ደሴት ላይ ኮፖሊያ የሚባለውን የእግር መንገድ ከወጣችሁ፣ በአናቱ ባለው ገላጣ ግራናይት ላይ ፐርቪሌይ የምትባለውን ዝርያ ቁጥቋጦ ሆና ታገኟታላችሁ፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ዝናብ ሳይመጣ በጠዋት ውጡ። ትልቁን የሚፈልግ ቦርኒዮ ይሂድ። 4,095 ሜትር ከፍታ ባለው ኪናባሉ ተራራ አካባቢ የሚበቅለው ራጃ የሚባል ዝርያ ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ገንቦ አለው፤ የሚኖረውም ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ማለትም የእኛን ከተማ ከፍታ በሚያካትት ደጋ ነው። ራጃ በሳይተስ የመጀመሪያው መዝገብ ውስጥ ስላለ ከዱር የተወሰደውን መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። ከመንገዱ ወጥታችሁ አትርገጡ፤ ሥሩ ላይ ላይ ስለሆነ ለመጎዳት የአንድ ጫማ ርግጫ ይበቃዋል።