ሌዘር ዳዮድ የሚያቃጥል ድራይቨር፦ ችግሩና መፍትሄው

ከአምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪዎች ፕሮጀክት እስከ መሃል ከተማ ሱቆች ድረስ፣ እንጨትና ቆዳ ላይ ስም የሚጽፈው 450 ናኖሜትር ሰማያዊ ሌዘር ዳዮድ እየተለመደ ነው። ዳዮዱ ሲሞት ደግሞ ሁሉም "ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ለዳዮዱ ከረንት የሚሰጠውን ቦርድ፣ ማለትም ድራይቨሩን ሳያዩ ሌላ ዳዮድ መግዛት ግን ብር መጣል ነው።

ሌዘር ዳዮድ ላይ ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ሲል ከረንቱ በብዙ ይዘላል። ሲሞቅ ደግሞ በዚያው ቮልቴጅ የባሰ ከረንት ይስባል። ከረንቱን አጥብቀን የምንይዘው ለዚህ ነው። ብርሃን የሚወጣበት የዳዮዱ ፊት ከልክ ያለፈ ከረንት ካገኘው ከአንድ ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊበላሽ ይችላል። ቴስተር አማካዩን እንጂ ይህችን ቅጽበት አያሳይም። የቮልቴጁን ለውጥ በየቅጽበቱ ስሎ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ (ስኮፕ) ከሌላችሁ ተበደሩ።

ሙከራውን በእውነተኛው ዳዮድ አትጀምሩ። በምትኩ የውሸት ጭነት ሥሩ፦ አራት ተራ 1ኤን5408 ዳዮዶችንና አንድ ባለ 1 ኦም፣ 5 ዋት ረዚስተር በተከታታይ አገናኙ። በ1.5 አምፒር ላይ 4.7 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ለሰማያዊው ዳዮድ ቅርብ ነው። ረዚስተሩ ላይ 1 ቮልት ስታዩ 1 አምፒር እያለፈ ነው ማለት ነው። ለዓይንም አያሰጋም። እውነተኛው ዳዮድ ላይ ስትደርሱ ግን ለ450 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ሳታደርጉ እንዳታበሩት።

ይበራል፣ ግን እንጨት አያቃጥልም

ከረንቱ ልክ ነው፣ ብርሃኑ ግን እንደ ተራ ኤልኢዲ ፈዟል። ጤነኛ ዳዮድ ከተወሰነ ከረንት በላይ ሲሆን ብርሃኑ በአንዴ ይፈነጥቃል። ያ ካልመጣ ፊቱ ተቃጥሏል፣ አይድንም።

ቀጥሎ መቼ እንደሞተ ጠይቁ። ድራይቨሩ በርቶ እያለ ዳዮዱ ከተሰካ፣ ገዳዩ የመውጫው ካፓሲተር ነው። ገበያ ላይ ከሚገኙት ባለ ኤልኤም2596 የድራይቨር ቦርዶች አንዳንዶቹ ከረንት መገደቢያ ቢኖራቸውም፣ ጭነት በሌለበት ካፓሲተሩ እስከተስተካከለው ቮልቴጅ ድረስ ይሞላል። ዳዮዱ ሲነካው ያ ሁሉ በአንዴ ይፈሳል፤ መገደቢያው አይደርስበትም። መፍትሄው ዳዮዱን በብየዳ ማሰር፣ ቮልቴጁንም ዳዮዱ ከሚፈልገው ብዙም ከፍ አለማድረግ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሞታል

የአዲስ አበባ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሲጠፋ ምንም አይልም፤ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ዳዮዱ አለቀ።

የሚሆነው ይህ ነው። የአዳፕተሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ድራይቨሩ የታዘዘውን ከረንት መስጠት ያቅተዋል። መቆጣጠሪያው "ጨምር፣ ጨምር" እያለ ጣሪያ ይነካል። ቮልቴጁ በድንገት ሲመለስ ከጣሪያው እስኪወርድ ጊዜ ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ከረንቱ ይዘላል። ቀስ ብሎ ማስነሻ ያለው ቺፕ ቢሆንም፣ መቋረጡ አጭር ከሆነ የማስነሻው ካፓሲተር ሳይራገፍ ስለሚቀር አያድንም።

ለማረጋገጥ ስኮፑን በአንድ ጊዜ መያዣ ላይ አድርጉትና የውሸት ጭነቱ እንደተገናኘ አዳፕተሩን ቶሎ ነቅላችሁ ሰኩት። ሹል ጫፍ ከታየ ምክንያቱ ተገኝቷል።

እኔ የምመርጠው መፍትሄ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ኃይል በሌለበት የሚዘጋውን የሪሌውን መነካኪያ በዳዮዱ ሁለት እግሮች መካከል አገናኙ። ኃይል ከመጣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ይከፈት። እስከዚያ ከረንቱ በሪሌው ያልፋል፣ ድራይቨሩም ይረጋጋል። ሲከፈት ካፓሲተሩ ባዶ ስለሆነ ዳዮዱ ከዜሮ ቀስ ብሎ ይነሳል። ማሽኑ ጠፍቶ በእጅ ሲነካካ ከስታቲክም ይጠብቀዋል። ሁለቱን ሰከንድ የሚቆጥረውን ካፓሲተር ግን ኃይል ሲቋረጥ ወዲያው የሚያራግፍ ትንሽ ዳዮድ ካላደረጋችሁለት ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ቴስተሩ 1.5 አምፒር ይላል፣ ዳዮዱ ግን በሳምንታት ይደክማል

የከረንቱን ሞገድ፣ ማለትም ከአማካዩ ከፍና ዝቅ ማለቱን እዩ። 12 ቮልት ገብቶ 4.5 ቮልት ሲወጣ፣ ቺፑ በሚበራና በሚጠፋበት የ150 ኪሎኸርዝ ፍጥነትና በ33 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር ሞገዱ ከታች እስከ ላይ 0.57 አምፒር ያህል ነው። የመውጫ ካፓሲተር ከሌለ ወይም ካረጀ ጫፉ 1.8 አምፒር ሊነካ ነው። ኢንዳክተሩ ላይ "330" የሚለውን ብዙዎች 330 ማይክሮሄንሪ ያደርጉታል። 33 ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ የዜሮ ብዛት ነው። 100 ማይክሮሄንሪ፣ ማለትም "101" የተጻፈበት፣ ሞገዱን ወደ 0.19 ያወርደዋል። ከ2 አምፒር በላይ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፤ ኮሩ (የኢንዳክተሩ እምብርት) በማግኔት ከሞላ ጥቅሙ ይጠፋል።

ማስተካከያውን ሲነኩት ከረንቱ ይዘላል

ከረንቱን የምናስተካክልበት ርካሽ ተዟዟሪ ረዚስተር ሲያረጅ መሃለኛው እግሩ ለቅጽበት ይለቃል። ሲለቅ ከረንቱ ወደ ዜሮ እንጂ ወደ ላይ እንዳይሄድ ከዚያ እግር ወደ ግራውንድ ረዚስተር አድርጉ፤ ይህ የሚሠራው የእግሩ ቮልቴጅ ሲጨምር ከረንቱ በሚጨምርበት ቦርድ ላይ ነው። ከረንት የሚለካውን 0.1 ኦም ረዚስተርም ብየዳ እዩት። በመለኪያው መንገድ ላይ 10 ሚሊኦም ብቻ ቢጨመር 10 በመቶ ስህተት ነው። የመለኪያ ሽቦዎቹን ከረዚስተሩ እግር ሥር ቀጥታ ውሰዱ።

ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል

ከረንቱ ካልተለወጠ ድራይቨሩን ተዉት። ሂትሲንኩን አፅዱ፣ የሙቀት ቅባቱን ቀይሩ፣ ማራገቢያው መዞሩን እዩ።