ለዘር የገዛችሁትን አውራ ፍየል ከመንጋው ጋር እንዴት ትቀላቅሉታላችሁ?

ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ፍየል የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። ከንፈር ገልጦ ጥርስ ያያል፣ ወገብ ጨበጥ ያደርጋል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ጎንበስ ብሎ ሆድ ሥር የሚያይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ለእርድ ከሆነ ግድ የለም። ለዘር ከሆነ ግን መታየት ያለበት እሱ ነው።

ምክንያቱ የፍየል ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ በዋናነት የሚተላለፈው በስሪያ ነው። የሴቷ ብልት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ትንንሽ ቁስል ያወጣል። ወንዱም ብልቱና ሸለፈቱ ይቆስላል። በሁለት ሳምንት ገደማ ሁሉም ይደርቅና ባለቤቱ «ዳነ» ይላል። ቫይረሱ ግን አልወጣም። ከወገብ በታች ባሉ ነርቮች ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ፍየሉ ሲጎሳቆል ወይም የስሪያ ወቅት ሲመጣ ሊቀሰቀስ ይችላል። እርጉዟ ልትጨነግፍ ትችላለች፤ ያውም ብዙ ጊዜ እርግዝናው ከገፋ በኋላ። በተወለዱ በ1 ወይም በ2 ሳምንታቸው በትኩሳትና በተቅማጥ የሚያልቁ ግልገሎችም አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ገበያው ላይ ሸለፈቱን በእጃችሁ ገልጣችሁ እዩ። ሴት ከሆነች ጭራዋን አንሱ። ቁስል፣ ቅርፊት ወይም ፈሳሽ ካለ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ቀጥሎ ቤት ስታደርሱት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ጉረኖውም የውኃ ዕቃውም የራሱ ይሁን። ጣና ዳር ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ባሕር ሸሹ ላይ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ በሚወጣው መሬት ላይ፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ አብሮ ነው የሚውለው። ግን ለአንድ ወር ሣር አጭዳችሁ ማምጣት ይቻላል።

ለብቻ ማቆየት ብቻውን አይበቃም፤ የተደበቀው ቫይረስ በዓይን አይታይም። ከማስጠቃታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ደሙን ወስዶ እንዲያስመረምር ጠይቁ። ቫይረሱ ካለበት ንጹሕ ሴቶችን አያጥቃ። የጎረቤት አውራ መዋስም ያው አደጋ አለው፤ እምቢ ለማለት ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ቁስል አይታችሁ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ማስወጋት ቫይረሱን አይገድለውም። ሐኪሙ ሊያዝ የሚችለው ቁስሉን ሌላ ተሕዋስ እንዳያመረቅዘው ነው።

ፍየል ከጨነገፈች ጽንሱንም የእንግዴ ልጁንም በባዶ እጅ አትንኩ፤ ለውሻም አትጣሉ። ሄርፐሱ የፍየል ነው፣ ለእናንተ አያሰጋም። ነገር ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታም ያስጨነግፋል፣ እሱ ደግሞ ሰው ይይዛል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ጓንት አድርጉ፣ ሴቷን ለዩ፣ ለሐኪም ደውሉ። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ቀሪውን በጥልቅ ቅበሩ።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ። የትኛዋ፣ በየትኛው አውራ፣ በየትኛው ቀን እንደተጠቃች ጻፉ። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ነው። ሐኪሙ ሲመጣ «ስንት ወሯ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።