ቡናው ካቅለሸለሸሽ ቀኑን ቁጠሪ

እዚህ ጎንደር ማቅለሽለሽ ሲመጣ ቶሎ የሚጠረጠረው ጨጓራ ነው። ጾም ከሆነማ "ጾሙ ነው" ተብሎ ይታለፋል። እህቴ፣ የጨጓራ መድኃኒት ከመዋጥሽ በፊት የወር አበባሽ መቼ እንደመጣ አስቢ። ከቀረ፣ ጡትሽ ካመመሽ፣ የምትወጂው የቡና ሽታ ካስጠላሽ፣ እርግዝና ሊሆን ይችላልና ከፋርማሲ የእርግዝና የሽንት መመርመሪያ ግዢ። በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ሞክሪው።

ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ ደግሞ ደብተር ያዢ። ደም የታየበትን የመጀመሪያ ቀን "1" ብለሽ ጻፊ። እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደትሽ፣ ማለትም ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ 28 ቀን ከሆነ 14ኛው ቀን አካባቢ፣ 32 ከሆነ 18ኛው አካባቢ ማለት ነው። እንቁላሏ ከ24 ሰዓት በላይ አትቆይም። የወንድ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ለማርገዝ ዋናዎቹ እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊት ያሉት ቀናት ናቸው። ጳጉሜን መሃል ከገባች መቁጠር እንዳትረሺ፤ እኔ አንዴ ዘልያት ሂሳቡ ሁሉ ተዛብቶብኛል።

ከቀን ቆጠራ ይልቅ እኔ የማምነው ከብልት የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። በሁለት ጣትሽ መሃል ስትስቢው እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ሳይበጠስ ከተለጠጠ፣ ጊዜው ደርሷል። ዑደትሽ የሚዘበራረቅ ከሆነ ግን እርግዝናን ለመከላከል በዚህ ብቻ አትተማመኚ።

አንድ ነገር አደራ። የወር አበባ ቀርቶ ከሆድሽ በታች በአንድ ጎን ኃይለኛ ሕመም ወይም ደም ከመጣ፣ እንዳታድሪ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።