ፋርማሲ ስትገቡ ቀድማችሁ «አጠባለሁ» በሉ

እህቶቼ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጉንፋን ከቤት አይጠፋም። የ3 ወር ልጄን እያጠባሁ ፒያሳ ወርጄ ለታፈነ አፍንጫዬ ኪኒን ገዛሁ። በማግስቱ ጡቴ ላላ፣ ልጄ እየሳበ ያለቅሳል። ለካ ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ወተት ይቀንሳል! ሻጩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ለአፍንጫ የጨው ውሃ ጠብታ፣ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል።

የወሊድ መከላከያው ላይማ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ያሉበት ድብልቅ ኪኒን፣ ኢስትሮጅኑ ወተት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ባትወስዱት ይመረጣል። ለምታጠባ እናት ፕሮጄስትሮን ብቻ ያለው ኪኒን፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ አለ። የ3 ወሩ መርፌ ከወለዳችሁ 6 ሳምንት ሲያልፍ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ምረጡ፣ በነፃ ነው።

«እያጠባሁ አላረግዝም» የምትሉ ደግሞ፣ እሱ የሚሠራው ልጁ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ የወር አበባ ሳይመለስ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትመኑት፤ ጡጦ ከጀመራችሁ በዚያው ሳምንት ሌላ መከላከያ ያዙ።