የአንድን የቆየ ዘፈን ባለመብት ለማጣራት

አንድን የቆየ ዘፈን እንደገና ለማሳተም ወይም ዩቲዩብ ላይ ለመጫን የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት አለበት፤ እነርሱም በእጁ ያለው ሸክላ ወይም ካሴት፣ በላዩ የተቀዳው ድምፅ፣ እንዲሁም ግጥሙና ዜማው ናቸው። ሸክላውን የገዛ ሰው የቀሩትን ሁለቱን አልገዛም።

ፍለጋው የሚጀምረው በሸክላው መሐል ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ነው። የአሳታሚውን ስምና መለያ ቁጥሩን ገልብጠው ይያዙ፤ ለምሳሌ የአሳታሚው የአምሃ እሸቴ ሸክላዎች መለያ በ«ኤ ኢ»፣ ካይፋ የተባለው አሳታሚ ደግሞ በ«ኬ ኤፍ» ፊደላት ይጀምራል። አምሃ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን እያወቀ በድፍረት ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ሲወጣ ሥራው ቢቋረጥም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቅጂዎቹን «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ዳግም ለማውጣት የተዋዋለው ከእርሱው ጋር ነው። ስለዚህ የአሳታሚው ሱቅ መዘጋት መብቱ ባለቤት አልባ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በወረቀቱ ላይ «ፊሊፕስ» የሚል ስም ካገኙ መንገዱ ይረዝማል። ኩባንያው ፖሊግራም የተባለውን የሙዚቃ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲግራም ለተባለ ኩባንያ ስለሸጠና ሲግራምም ዩኒቨርሳል ከተባለው የሙዚቃ ድርጅቱ ጋር ስላዋሐደው፣ ጥያቄዎን ለዩኒቨርሳል ያቅርቡ፤ አዲስ አበባ ላይ የተቀዳው ሥራ በሽያጩ መካተቱን የሚያሳይ ሰነድም ይጠይቁ።

በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቶች ሥራውን ብዙ ጊዜ በአንድ ጠቅላላ ክፍያ ይገዙ ነበር። ውሉ ሲፈረም ኢንተርኔት ያልታሰበ ነገር ስለነበር፣ የዛሬው የዩቲዩብ ገቢ የማን እንደሆነ የሚታወቀው የውሉን ቃል በማንበብ ነው፤ ውሉ ግልጽ ካልሆነ ከሙዚቃ ቤቱም ከድምፃዊው ወይም ከወራሾቹም ፈቃድ መውሰድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የዘመን ስሌቱም መዘንጋት የለበትም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብት ሥራው ከታተመ በኋላ 50 ዓመት ሲቆይ፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት ግን ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ የሸክላው ቅጂ ዘመኑ ቢያልፍ እንኳ ግጥሙና ዜማው ገና የተጠበቁ ሊሆኑ ይችላሉ። የደራሲዎቹ ስም ከብዙ ሽፋኖች ላይ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ሲጎድል ድምፃዊውን ወይም በቀረጻው የነበሩትን ሙዚቀኞች ጠይቀው ያፈላልጓቸው፣ ሲገኙም ሥራው የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ክፍያ እንደሚውል በጽሑፍ ይስማሙ።