የኤክስሬይ ፖላራይዜሽን መረጃ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

የናሳና የጣሊያን የጠፈር ድርጅት የጋራ ሥራ የሆነው አይክስፒ (IXPE) የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2021 ወደ ህዋ መጠቀ። የሚለካው ከሰማይ የሚመጣውን ኤክስሬይ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የጨረሩ የኤሌክትሪክ መስክ ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ እንደሚርገበገብ ነው። የሚሰበስበው መረጃ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ የትም ሆኖ አውርዶ ሊሠራበት ይችላል። ብዙዎች ግን የመጀመሪያው ቁጥር እንደወጣ ይቆማሉ፤ ቁጥሩ ከሰማይ የመጣ ይሁን ከመሣሪያው መለየት ይቸግራቸዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

አስቀድሞ መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ መረዳት ያሻል። የኤክስሬይ ፎቶን (የጨረሩ ቅንጣት) በጋዝ ወደተሞላው ዲቴክተር (ጨረር መቀበያ) ሲገባ ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። ኤሌክትሮኑ የፎቶኑ የኤሌክትሪክ መስክ ወደሚርገበገብበት አቅጣጫ ያደላል፣ በጋዙም ውስጥ አጭር ዱካ ትቶ ያልፋል። የአንድ ኤሌክትሮን ዱካ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ አቅጣጫው የሚታወቀው ብዙ ሺህ ዱካዎች ሲደመሩ ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣውም ወይ ዱካው በትክክል ሳይነበብ ሲቀር፣ ወይ መደመር የሌለበት ሲደመር ነው።

ምልክት፦ ፖላራይዜሽን ይኖረዋል የተባለው ምንጭ ዜሮ ሰጠ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፋይሉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነውና። ማርካሪያን 421 የተባለውን ጋላክሲ እንመልከት። በመሐሉ ካለው ጥቁር ጉድጓድ የሚወጣው የቅንጣቶች ፍሰት ወደ እኛ ያነጣጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ሲታይ 15 በመቶ ገደማ ፖላራይዜሽን ነበረው። በጁን እንደገና ሲታይ የምልከታው ጠቅላላ ድምር ከዜሮ ብዙም አይርቅም ነበር። ተመራማሪዎቹ መረጃውን በጊዜ ከፋፍለው ሲያዩት ግን ፖላራይዜሽኑ አልጠፋም፤ አቅጣጫው በቀን ከ80 ዲግሪ በላይ እየዞረ ነበር። ዛሬ ወደ ሰሜን የሚያመለክተው በማግሥቱ ወደ ምሥራቅ ሊያመለክት ጥቂት ሲቀረው፣ ሁለቱ ሲደመሩ ይጣፋሉ።

መፍትሄው ምልከታውን በሦስት ወይም በአራት ቆርጦ የእያንዳንዱን ማዕዘን ለየብቻ መለካት ነው። ምንጩ ፑልሳር (እየተሽከረከረ የሚያበራ የኒውትሮን ኮከብ) ከሆነ በሽክርክሪቱ ምዕራፍ፣ ሰፊ ኔቡላ (የጋዝና የቅንጣቶች ደመና) ከሆነ ደግሞ በቦታ ይከፈላል። ከመጠን በላይ መቁረጥ ግን ወደ ሚቀጥለው ችግር ይከታል።

ምልክት፦ ውጤቱ 5 በመቶ ነው፣ ግን ሲደገም ይለዋወጣል

የፖላራይዜሽን መጠን ከዜሮ በታች መውረድ አይችልም። ስለዚህ ፖላራይዜሽን የሌለው ምንጭም ቢሆን ከፎቶኖች የአጋጣሚ መዋዠቅ የተነሣ ጥቂት በመቶ ያሳያል። ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት በ99 በመቶ እርግጠኝነት ሊለይ ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን ጋር አስተያዩት። ከዚያ በታች ከሆነ የሚጻፈው «ተገኘ» ሳይሆን «ከዚህ አይበልጥም» ነው። ገደቡን በግማሽ ለማውረድ፣ የጀርባ ጨረሩ (ከምንጩ ውጭ የሚመጣው) እዚህ ግባ የማይባል ቢሆን እንኳ፣ አራት እጥፍ የምልከታ ጊዜ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አቋራጭ የለም።

ምልክት፦ ሦስቱ ዲቴክተሮች አይስማሙም

አይክስፒ ሦስት ተመሳሳይ ቴሌስኮፖች አሉት፤ ዲቴክተሮቻቸው አንዱ ከሌላው በ120 ዲግሪ ዞረው ተገጥመዋል። ይህ አቀማመጥ በጣም ብልህ ነው። ከሰማይ የመጣ ምልክት በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የሰማይ አቅጣጫ ያሳያል፤ ዲቴክተሩ ራሱ የፈጠረው ሐሰተኛ ምልክት ግን አብሮ ስለሚዞር ሦስቱ ሲደመሩ በአብዛኛው ይጣፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ በድምር አስሉ። ልዩነቱ ከስሕተት ወሰኑ ካለፈ ጥርጣሬው ዝቅተኛ ጉልበት ባላቸው ፎቶኖች ላይ፣ በ2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የፎቶን ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ይጀምር፤ ሐሰተኛው ምልክት የሚበረታው እዚያ ነው። እርማቱ ለተጠቃሚ በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ ስላለ ከጥሬው ዱካ እንደገና ለማስላት አትሞክሩ።

ምልክት፦ በብሩህ ነጥብ ዙሪያ የፖላራይዜሽን ቀለበት ታየ

ያምራል፣ ግን እውነተኛ አይደለም። ፎቶኑ ያረፈበት ነጥብ ሲገመት የሚፈጠረው ስሕተት በዱካው አቅጣጫ ያደላል። በዚህም ምክንያት ከነጥቡ ዳር የሚወድቁት ፎቶኖች አቅጣጫቸው የተመረጠ ይመስላል። ለነጠላ ምንጭ ፎቶኖቹ የሚወሰዱበትን፣ በምስሉ ላይ በምንጩ ዙሪያ የሚሠመረውን ክብ አስፍታችሁ ከወሰዳችሁ በዙሪያው ያለው ይጣፋል። ኔቡላ ውስጥ ያለ ብሩህ ፑልሳር ከሆነ ግን የመፍሰስ እርማት (ይህን ሐሰተኛ ቀለበት የሚያስወግድ ስሌት) ሳይደረግ የፖላራይዜሽን ካርታ መሳል አይገባም።

ምልክት፦ ምንጩ ከቦታው ፈቀቅ ብሏል ወይም ተለጥጧል

መስታወቶቹን ከዲቴክተሮቹ የሚያርቀው ምሰሶ ህዋ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ የትኩረት ርቀቱ 4 ሜትር ነው። ሳተላይቱ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲገባ ምሰሶው በሙቀት ለውጥ በጥቂቱ ይታጠፋል፣ ምስሉም ይንሸራተታል። የእያንዳንዱን ዲቴክተር ምስል ከምንጩ ከታወቀው ቦታ ጋር ለየብቻ አስተካክላችሁ ከዚያ ደምሩ።

ምልክት፦ የሚቆጠሩት ፎቶኖች ብዛት በድንገት ይዘላል

ምንጭ የሌለበትን የምስሉን ክፍል የጊዜ ግራፍ ሣሉ። እሱም አብሮ ከዘለለ ጥፋቱ የፀሐይ ወይም የቅንጣቶች ነውና ያንን ጊዜ ቆርጣችሁ አውጡ።

ምልክት፦ የ2022ና የኋለኞቹ ዓመታት ብሩህነት አይገጥምም

በታሸጉት ዲቴክተሮች ውስጥ ያለው ዳይሜቲል ኤተር ግፊቱ ቀስ በቀስ ቀንሷል። ጋዙ ሲሳሳ የሚያዙት ፎቶኖች ያንሳሉ፣ ዱካዎቹ ግን ይረዝማሉ። ለሌላ ቀን በተዘጋጀ የምላሽ ፋይል (ዲቴክተሩ ለፎቶኖች እንዴት እንደሚመልስ የሚገልጽ ፋይል) መሥራት ብሩህነቱንም ፖላራይዜሽኑንም ያዛባል፤ ከምልከታው ቀን ጋር የሚሄደውን ተጠቀሙ።

ምልክት፦ የምልከታ መርሐ ግብሩ ተቋረጠ

ይህ የተጠቃሚው ሳይሆን የኦፕሬሽን ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ ስለማይርቅ ዋናው የመገናኛ ጣቢያው ጎረቤታችን ኬንያ፣ ማሊንዲ ውስጥ ነው፤ የሚቆጣጠሩት ደግሞ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 23 ቀን 2024 ሳተላይቱ ትክክለኛ ቴሌሜትሪ (ወደ ምድር የሚልከውን መረጃ) መላክ አቆመ። በጁን 2023 ተመሳሳይ መቋረጥ ስለነበር የተዘጋጀ አሠራር ነበራቸው፤ በማርች 26 የሳተላይቱን ኤሌክትሮኒክስ እንደገና አስነሥተው ወደ ጥበቃ ሁኔታ አስገቡት፣ ከዚያም ወደ ምልከታው መለሱት። በእነዚህ ቀናት መረጃ ብትፈልጉና ብታጡ ፋይሉ አልጠፋባችሁም፤ ምልከታው አልተደረገም።

ሁሉም ተፈትሾ ውጤቱ አሁንም ከትንበያው ሊርቅ ይችላል። ሄርኩለስ ኤክስ-1 ለተባለው የኒውትሮን ኮከብ እስከ 80 በመቶ ተተንብዮ ነበር፤ የተለካው በአማካይ ከ10 በመቶ በታች ነው። እዚያ የተሳሳተው መሣሪያው ሳይሆን ትንበያው ነበር። እርዳታ ስትጠይቁ የምልከታውን ስምንት አሃዝ ቁጥር፣ የካሊብሬሽኑን (የመሣሪያ ማስተካከያ ፋይሎቹን) ቀን፣ የክቡን ስፋትና የሦስቱን ዲቴክተሮች ውጤት ለየብቻ ላኩ። ድምሩን ብቻ ከላካችሁ የሚረዳችሁ ሰው ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል።