የአደባባይ ዝግጅት የፖሊስ ወጪ ሲሰላ የሚሰሩ ስህተቶች

በአሜሪካ ከተሞች የመስቀል ደመራ፣ ኢሬቻ፣ የእግር ኳስ ውድድር ወይም የጎዳና ላይ ፌስቲቫል የሚያዘጋጁ የማህበረሰብ ኮሚቴዎችን በጀት ከሚያናጉ ነገሮች አንዱ የፖሊስ ሂሳብ ነው። የመድረኩ ኪራይ፣ የድምፅ መሳሪያውና የድንኳኑ ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል። የፖሊሱ ግን በመጨረሻው ሳምንት ይመጣና ከታሰበው እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከተማው ዋጋ ስለጨመረ አይደለም፤ ኮሚቴው ሲያሰላ የተዋቸው ነገሮች ስላሉ ነው።

ራስ ቆጥሮ ሰዓት አለመቁጠር

ዋናውና ውዱ ስህተት ይህ ነው። ኮሚቴው "20 ፖሊስ ያስፈልገናል፤ ዝግጅቱ ከቀኑ 6 እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው" ብሎ 20ን በ6 ያባዛል። 120 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ፖሊስ የሰዓት ክፍያ ለምሳሌ 70 ዶላር ቢሆን 8,400 ዶላር በጀት ይያዛል።

ፖሊሱ ግን የሚሰማራው ሙዚቃው ሲጀመር አይደለም። ከዚያ በፊት ገለጻ ይሰጠዋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ የቆሙ መኪኖች ይነሳሉ። ዝግጅቱ ሲያልቅም ህዝቡ እስኪበተንና መንገዱ ተጠርጎ እስኪከፈት ይቆያል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ሰዓት ሲጨመር ስራው 10 ሰዓት ነው። ሰው ደግሞ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ምግብ ይበላል። ስለዚህ ለየአምስቱ ቦታ አንድ ተለዋጭ ይመደባል፤ 20 ቦታ 24 ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። 24 ሰው በ10 ሰዓት በ70 ዶላር 16,800 ዶላር ይመጣል። የፖሊሶቹ ቁጥር ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብዙ የፖሊስ መስሪያ ቤቶች አለቃ እንዲኖር ያስገድዳሉ። ሶስት ሳጅን በሰዓት 90፣ አንድ ሌተናንት በሰዓት 105 ዶላር ቢከፈላቸው 3,750 ይጨመራል። ድምሩ 20,550 ዶላር ነው። ታሪፉ ለማሳያ የተወሰደ ነው፤ የየከተማው ይለያያል። ስሌቱ ግን በየትም ከተማ ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

ዕለቱ የበዓል ቀን ከሆነ በላዩ ላይ የበዓል ክፍያ ይመጣል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው ዓመታዊ ውድድር ከጁላይ 4 የአሜሪካ የነጻነት ቀን ሳምንት ጋር ይገናኛል። በዚያ ሳምንት በውድድሩ ዙሪያ ኮንሰርት ወይም ባዛር የሚያዘጋጁ ሁሉ የበዓል ክፍያ ይኖር እንደሆነና መጠኑን አስቀድመው በጽሁፍ መጠየቅ አለባቸው። የበዓሉ ክፍያ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ያው 20,550 ዶላር 30,825 ይደርሳል።

ማዳን የሚቻለው ሰው በመቀነስ ሳይሆን ሰዓት በመሸንሸን ነው። መንገድ የሚዘጉት 8 ቦታዎች በእርግጥ 10 ሰዓት ይፈልጋሉ። በር ላይና ውስጥ የሚቆሙት 12ቱ ግን ህዝብ ሲገባ ጀምረው ህዝብ ሲወጣ ቢጨርሱ 7 ሰዓት ይበቃቸዋል። ይህ ሲደረግ ከተለዋጮቹ በፊት ያለው 200 ሰዓት ወደ 164 ይወርዳል። አንድም ቦታ ባዶ አልቀረም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ ብዙ ከተሞች ከመደበኛ ስራው ውጭ ለሚቀጠር ፖሊስ የ3 ወይም የ4 ሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ አላቸው። ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚጠራ ሁለተኛ ፈረቃ ዋጋው የአራት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የመጀመሪያውን ፈረቃ ማራዘም ይረክሳል።

ህዝቡን ቆጥሮ በሩን አለማየት

"ስንት ሰው ይመጣል?" ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የፖሊሱን ቁጥር የሚወስነው ግን ብቻውን አይደለም። የበሮቹ ብዛት፣ የሚዘጉት መስቀለኛ መንገዶች፣ መጠጥ መሸጥ አለመሸጡ፣ ዝግጅቱ መሽቶ ማለቁ ይበልጥ ይመዝናሉ። ለ10,000 ሰው አራት መንገድ ከሚያዘጋ ሰልፍ፣ በአጥር በተከበበ ስታዲየም የሚደረግ ያው 10,000 ሰው ያነሰ ፖሊስ ሊፈልግ ይችላል።

የመውጫውን ስፋት ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። የእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ለሜዳማ መውጫ የሚጠቀምበት መነሻ በደቂቃ በአንድ ሜትር ስፋት 82 ሰው ነው። ሁለት ባለ 3 ሜትር በር ካለ በደቂቃ 492 ሰው ይወጣል፤ 10,000 ሰው 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። አንዱ በር በምግብ ድንኳን ከታፈነ ጊዜው ወደ 40 ደቂቃ ይሄዳል። የአስጨናቂው ሰዓት እጥፍ ይሆናል፣ ፖሊሱም ሳይነሳ ይቆያል። የምግብ ድንኳኖቹን ቦታ የሚመራው ሰው ከፖሊስ ጋር በሚደረገው ስብሰባ ላይ አብሮ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው።

"ያለፈው ዓመት ሰላም ነበር" ብሎ መቀነስ

በዚህ ላይ መግደርደር አያስፈልግም፤ እዚህ የሚቆጠበው ገንዘብ ህይወት ያስከፍላል። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ኢቴዎን ሰፈር በኦክቶበር 29 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ምሽት ለሃሎዊን በዓል ከ100,000 በላይ ሰው ተሰብስቦ ለአካባቢው የተመደቡት ፖሊሶች 137 ነበሩ። ዋና ትኩረታቸውም ወንጀል መከላከል እንጂ የህዝቡን ፍሰት መምራት አልነበረም። ጠባብ ቁልቁለት መተላለፊያ ውስጥ ሰዎች ተጨፍልቀው የአደጋው ሟቾች ይፋ ቁጥር 159 ደረሰ። ሰው እየተጨናነቀ ነው የሚለው የመጀመሪያ የስልክ ጥሪ ለፖሊስ የደረሰው ከሶስት ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ነበር። ዝግጅቱ ባለቤት ያለው፣ ፈቃድ የወጣበት አልነበረምና የህዝቡን ፍሰት እቅድ ያወጣለት አካል አልነበረም።

በእኛም አገር በቢሾፍቱ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ህዝቡ ሲራወጥ ገደል ውስጥ የወደቁት ብዙ ናቸው፤ መንግስት በወቅቱ ያመነው የሟች ቁጥር ብቻ ከ50 በላይ ነው። ሰው በታጨቀበት፣ መሸሻው ጉድጓድ በሆነበት ቦታ የፖሊስ ብዛት ብቻውን ሰው አያድንም። ፖሊሱ ምን እንደታዘዘና መሬቱ ምን እንደሚመስል እኩል ይወስናሉ። ስለዚህ ከፖሊስ አዛዡ ጋር ሜዳውን በእግር ዞራችሁ እዩ። ቦዩን፣ ደረጃውን፣ የተቆለፈውን በር አሳዩት። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ሲጠጋጋ ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። መግቢያውን የሚያስቆመው ማን እንደሆነና በምን ምልክት እንደሚያስቆም ከዚያ በፊት ተወስኖ ማለቅ አለበት።

ፖሊስ በማያስፈልግበት ፖሊስ ማቆም

ቦርሳ መፈተሽ፣ መኪና ማስቆሚያ ማሳየት፣ የጠፋ ልጅ መቀበል፣ ወረፋ ማስያዝ በሰዓት 70 ዶላር የሚከፈልበት ስራ አይደለም። በአሜሪካ በሰፊው የሚሰራበት የህንጻና የእሳት ደህንነት መመሪያ ለ250 ሰው አንድ የሰለጠነ የህዝብ ፍሰት ተቆጣጣሪ ይጠይቃል። ለ5,000 ሰው 20 ያስፈልጋል ማለት ነው። እነዚህ ከአጭር ስልጠና በኋላ ከማህበረሰቡ በጎ ፈቃደኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከተማችሁ የሚቀበለውን የምስክር ወረቀት የእሳት አደጋ መስሪያ ቤቱን ጠይቁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችል አስተናባሪ ከመድረኩ ስር ቢቆም ፖሊሱ ሊያበርደው የማይችለውን ጭቅጭቅ በሁለት ቃል ያበርዳል።

በተቃራኒው መኪና የሚያልፍበት መስቀለኛ መንገድ ላይ በጎ ፈቃደኛ አታቁሙ። በብዙ ከተሞች ህጉ አይፈቅድም፣ ለነፍሱም ያሰጋል።

የብረት አጥርን የመኪና መከላከያ ማድረግ

ሰው የሚደገፍበት ቀላል የብረት አጥር ህዝብ ያሰልፋል እንጂ መኪና አያቆምም። በኒው ኦርሊንስ ቦርበን ጎዳና በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሰዎች ሲገደሉ መንገዱ መግቢያ ላይ የፖሊስ መኪና ቆሞ ነበር። አጥቂው በእግረኛ መሄጃው በኩል አልፎ ነው የገባው። ቋሚዎቹ የመኪና መከላከያ ምሰሶዎች ደግሞ ለመተካት ተነስተው ነበር። ስለዚህ የመንገዱን ስፋት ብቻ አትለኩ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩ። በሁለት መከላከያ መካከል የሚቀረው ክፍተት መኪና የማያስገባ፣ የአካል ጉዳተኛ ጋሪ ግን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። አሸዋ የተጫነ የጭነት መኪና ከከተማው የጽዳት ወይም የመንገድ ክፍል በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይገኝ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ከቁልፉ ጋር መቆየት እንዳለበትም አትርሱ።

ማን ይከፍላል የሚለውን ሳያጣሩ መፈረም

ትኬት የሚሸጥበት ፌስቲቫልና የተቃውሞ ሰልፍ በአንድ ሚዛን አይታዩም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1941 እ.ኤ.አ. በኮክስ ጉዳይ፣ አንድ ከተማ ለሰልፍ አስተዳደርና ጸጥታ ወጪ ክፍያ ሊጠይቅ እንደሚችል ፈቅዷል። በ1992 ደግሞ በፎርሳይት ካውንቲ ጉዳይ ገደቡን አስምሯል። ካውንቲው በቀን እስከ 1,000 ዶላር ማስከፈል የሚያስችል ደንብ ነበረው፤ የጠየቀው 100 ዶላር ብቻ ነበር። ደንቡ ግን ወደቀ፤ ምክንያቱም መጠኑን ለአንድ ባለስልጣን ፍላጎት የተወ፣ ተናጋሪውን የሚጠሉት ሰዎች ስንት ፖሊስ ያስፈልጋቸዋል በሚል የሚሰላ ነበር። ስለዚህ ለሰላማዊ ሰልፍ ፈቃድ ስትጠይቁ "ተቃዋሚዎቻችሁ ስለሚመጡ ተጨማሪ ፖሊስ ክፈሉ" ከተባላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። የተጻፈ ታሪፍ ካለና ለሁሉም እኩል ከሆነ ግን ክፍያውን መከራከር ከባድ ነው።

በአውሮፓ መስመሩ ሌላ ቦታ ነው። በእንግሊዝ በ2013 እ.ኤ.አ. በሊድስ ዩናይትድ ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክለቡ በማያስተዳድራቸው በስታዲየሙ ዙሪያ ባሉ ጎዳናዎች ለሚሰማራ ፖሊስ ክለቡን ማስከፈል እንደማይቻል ወስኗል። በጀርመን የብሬመን ግዛት ከ5,000 ሰው በላይ የሚጠበቅበት፣ ለትርፍ የሚዘጋጅና ግጭት የሚያሰጋው ዝግጅት ተጨማሪውን የፖሊስ ወጪ እንዲከፍል በ2014 ህግ አውጥቷል። የጀርመን ህገ መንግስታዊ ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ህጉን አጽንቶታል። ክርክሩ የተነሳው በ2015 ቨርደር ብሬመንና ሃምቡርግ ካደረጉት ጨዋታ ሲሆን የመጀመሪያው ሂሳብ ከ400,000 ዩሮ በላይ ነበር። ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ዝግጅት የምታደርጉ ወገኖች ከአሜሪካ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ደንብ ይዛችሁ አትሂዱ።

የፈቃድ ማመልከቻውን ከ90 ቀን ባላነሰ ጊዜ አስቀድማችሁ አስገቡ። የመሰረዣውን ቀነ ገደብም በውሉ ላይ ፈልጉ፤ ዝናብ ዘንቦ ዝግጅቱ ሲቀር ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በፊት ካልተነገረ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እንዳለ ሊጠየቅ ይችላል። የቀጠራችሁት ፖሊስ ገንዘቡን ከእናንተ ቢቀበልም ትዕዛዝ የሚቀበለው ከአለቃው ነው፤ አንድ ተወካይ ብቻ ከሳጅኑ ጋር ይነጋገር።

በዕለቱ ሳጅኑ አጠገብ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚፈረምበት ወረቀት የያዘ አንድ ሰው መድቡ። ሂሳቡ ሲመጣ ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር ይመሳከር፦ ስንት ሰው፣ ከስንት እስከ ስንት፣ በየትኛው ታሪፍ፣ የበዓል ክፍያው ለማንኛው ሰዓት እንደተሰላ። ልዩነት ካለ በውሉ የተሰጠው የመቃወሚያ ጊዜ ሳያልፍ በጽሁፍ ይጠየቅ። ያ ወረቀት የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲሰራ ከሁሉ በፊት የሚወጣው ሰነድ ነው፤ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ።